አሮጌ ሞተር ዘይት ሲያንጠባጥብ፦ ጋስኬት ከመግዛታችሁ በፊት ምን ትፈትሻላችሁ፣ ስትገዙስ የቱን ትመርጣላችሁ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቮልስ፣ ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ)፣ ላዳ፣ ፔጆ 404 እና 504፣ አጭሯ ላንድሮቨር አሁንም አሉ፣ አሁንም ይሰራሉ፣ አብዛኞቹ ደሞ የቆሙበትን ቦታ በዘይት ምልክት አድርገው ነው ሚሄዱት። መካኒክ ጋ ሲኬድ መልሱ አንድ ነው፣ «ጋስኬቱ ሄዷል ቀይረው» (ጋስኬት ማለት ሁለት ብረት ሚገጥምበት መሃል ዘይት እንዳያልፍ ሚገባው ነው)። ይቀየራል፣ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ያንጠባጥባል፣ ከዛ «ፎርጅድ ነው የገዛኸው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ፎርጅድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጋስኬቱ ምንም አላጠፋም፤ ወይ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ዘይቱን በግፊት እየገፋው ነው፣ ወይ ጋስኬቱ ሚያርፍበት ብረት ተጣሟል፣ ወይ ያሰረው ልጅ ጉልበቱን አልቆጠበም። ስለዚ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚን ሶስቱን ማየት ነው፣ ጋስኬት መምረጥ ከዛ በኋላ ነው ሚመጣው።

1ኛ፣ ከየት እንደሚያፈስ እወቁ

ዘይት ወደታች ነው ሚወርደው፣ መኪናው ሲሄድ ደሞ ነፋሱ ወደኋላ ይገፋዋል፣ ስለዚ ሚንጠባጠብበት ቦታ እና ሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደሉም። በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው፦ የቫልቭ ክዳኑ ከኋላ በኩል ያፈሳል፣ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ሞተሩና ካምቢዮው ሚገናኙበት ጋ ይንጠባጠባል፣ ከስር ያየው ሰው «የኋላው ኦይል ሲል (ሚዞረው ሻፍት ዙሪያ ዘይቱን ሚይዘው የጎማ ቀለበት) ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይላል። ካምቢዮ ወርዶ፣ ኦይል ሲል ተቀይሮ፣ የጉልበት ተከፍሎ፣ ማፍሰሱ እንዳለ። ሁሌ ከላይ ጀምራችሁ ወደታች ፈትሹ፣ ከፍ ብሎ የረጠበው ቦታ ነው ምንጩ።

ለዚ ደሞ ሞተሩ መታጠብ አለበት። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ዲስትሪቢዩተሩንና ካርቡራተሩን በፌስታል ጠቅልሉ፣ ናፍጣ በብሩሽ እየቀባችሁ የደረቀውን ቅባት አንሱት፣ ከዛ ኦሞ በውሃ፣ ከዛ ይድረቅ። በተለይ የመንዝ መንገድ ሚመላለስ መኪና አቧራውና ዘይቱ ተጋግሮ እንደ ስሚንቶ ስለሚሆን ባንዴ አይለቅም፣ ደጋግሙት። ሲደርቅ የህፃናት ፓውደር በጥርጣሬ ቦታዎች ላይ ነፋ ነፋ አድርጉና ትንሽ ንዱት፣ ደብረብርሃን ያላችሁ ጫጫ ደርሶ መልስ ይበቃል። ስትመለሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ በባትሪ መብራት እዩ፣ ፓውደሩ ላይ ዘይቱ መስመሩን ጥሎ ታገኙታላችሁ።

ሚያፈሰው የሞተር ዘይት መሆኑንም አሽትታችሁ አረጋግጡ፣ የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው ድኝ ድኝ ይሸታል፣ የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው ቀለም ይልጣል። ከዛ ቀላል ቀላሎቹን ቀድማችሁ አስወጧቸው፦ የዘይት ግፊት አምፖሏ የተያያዘችበት ሴንሰር፣ የዲስትሪቢዩተሩ ስር ያለችው ቀለበት ጎማ፣ ከሞተሩ ጎን የታሰረው የቤንዚን ፓምፕ፣ የዘይት ፊልትሮ። ፊልትሮ ላይ አንድ ነገር አለ፣ የድሮው ሲፈታ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል፣ ሁለት ጎማ ሲደራረብ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱን ይረጨዋል።

2ኛ፣ መተንፈሻውን ፈትሹ (ይሄን ማንም አያየውም)

ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበቶች) አዲስ በሆነ ሞተር እንኳን ፍንዳታው ሲፈጠር ትንሽ ጋዝ በፒስተኑ ጎን እያለፈ ወደታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ሆድ ይገባል። ያ ጋዝ መውጫ ስላለው ነው ችግር ሚያልፈው፣ ከቫልቭ ክዳኑ ወይ ከጎን ተነስቶ ወደ አየር ማጣሪያው ወይ ወደ ካርቡራተሩ ስር ሚሄድ ወፍራም ቱቦ አለ። ቱቦው በጥቀርሻ ከተደፈነ፣ ወይ ተሰንጥቆ የሆነ ሰው በቡሎን ከዘጋው (አይቻለሁ፣ «ጭስ ይረጫል» ብሎ ሚዘጋ አለ) ግፊቱ መሄጃ ያጣል፣ ያገኘውን ደካማ ቦታ ፈልጎ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። አዲስ ጋስኬት እዚ ላይ ምን ያድርግ።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ቀዳዳው ላይ ቀጭን ወረቀት አድርጉ። መተንፈሻው በካርቡራተሩ ሚሳብ ከሆነ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይጣበቃል ወይ ዝም ይላል፤ ካነሳው፣ ክዳኑም እፍ እፍ ካለ ግፊት አለ። ያኔ ቱቦውን ፈታችሁ በቤንዚን እጠቡ፣ መሃሉ ላይ ትንሽዬ ቫልቭ ካለችው አውጥታችሁ አናውጧት፣ ቃ ቃ ካላለች ተጣብቃለች፣ ዋጋዋ ርካሽ ነው ቀይሯት። ቮልስ ላይ ደሞ ከዘይት መሙያው ወደታች ሚወርድ ቱቦ ጫፉ ላይ የጎማ ከንፈር አለው፣ ጭቃ ይደፍነዋል፣ ክረምት ላይ እዩት።

መተንፈሻው ንፁህ ሆኖም እፍ ማለቱን ካልተወ ፋሻው ደክሟል ማለት ነው፣ ጋስኬት ላይ ብር አታባክኑ። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ስታስለኩ ግን የመኪናው መፅሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ባህር ጠለል አካባቢ የተለካ መሆኑን አትርሱ፣ ደብረብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ ከሩብ በላይ ቀንሷል፣ ጌጁም እንደዛው ዝቅ ይላል። ደህና ሞተር «ሞቷል» ተብሎ እንዳይፈታባችሁ፤ አራቱን ሲሊንደር እርስ በርስ አወዳድሩ፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ነው ችግሩ።

ዘይት መብዛትም እንደዛው ነው። «ትንሽ ጨመር አድርግለት ለዳገቱ» ሚባል ነገር አለ፣ አታድርጉት። ከልክ በላይ ሲሆን ክራንክ ሻፍቱ ይመታዋል፣ ይደፈቃል፣ በየሲሉ ይወጣል። ስትለኩ ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን ካጠፋችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ደብረሲና ላይ ሜዳ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ዳገት ላይ አፍንጫዋን ሰቅላ የቆመች መኪና ምትሰጣችሁ ልኬት ውሸት ነው።

3ኛ፣ የቱ ጋስኬት ለየቱ ቦታ

ቡሽ፦ የቫልቭ ክዳንና የዘይት ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ላይ ድሮ የነበረው እሱ ነው። ቀጭን ላሜራ ክዳን ላይ ጥሩ ነው ምክንያቱም ለስላሳ ስለሆነ የብረቱን ትንሽ ጉድለት ይሞላል። ችግሩ መድረቁ ነው። መደርደሪያ ላይ አመታት የቆየ ቡሽ ይኮማተራል፣ ቀዳዳው ከቡሎኑ ጋ አይገጥምም፣ ስታጥፉት ይፈረፈራል። የተኮማተረ ግን ያልተሰባበረ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ዘፍዝፉት፣ ይመለሳል፣ አድርቃችሁ ትገጥሙታላችሁ።

ቡሽና ጎማ የተቀላቀለበት፦ ለኔ ለዲኤክስና ለላዳ ኮፓ ምመርጠው ይሄን ነው። እንደ ቡሽ ለስላሳ ነው፣ እንደ ቡሽ አይደርቅም።

ጎማ፦ እዚ ላይ ነው ሰው ሚሸወደው፣ ጥቁር ጎማ ሁሉ አንድ ይመስላል ግን አይደለም። ናይትራይል ዘይት ይችላል፣ ሙቀቱ እስከ 100 ዲግሪና ትንሽ ከዛ በላይ፣ ለአብዛኛው ቦታ በቂ ነው። ቫይተን ሚሉት ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳል፣ ውድ ነው፣ ግን ቮልስ ላይ ፍላይዊሉ ጀርባ ላለው ሲል እና ሙቀት ለሚበዛበት ቦታ ዋጋው ይገባዋል፣ ምክንያቱም እሱን ለመቀየር ሞተር መውረድ አለበት። ከካላማዳሪ ተቆርጦ ሚሰራ «ጋስኬት» ግን በፍፁም። የካላማዳሪ ጎማ አየር እንዲይዝ ነው የተሰራው፣ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከመሃል ተንሸራቶ ይወጣል። ለመንገድ ችግር ቤት ሚያደርስ ከሆነ እሺ፣ ቤት ስትደርሱ ግን አውጡት።

ወረቀት፦ ሁለቱም ጎን ወፍራም ብረት የሆነበት ቦታ፣ እንደ ታይሚንግ ክዳን፣ ውሃ ፓምፕ፣ ቤንዚን ፓምፕ። ዝግጁው ከጠፋ የጋስኬት ወረቀት በሜትር ይሸጣል፣ ብረቱ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ መታ መታ ስታደርጉ ራሱ ቅርፁን ይዞ ይቆረጣል፣ የድሮ መካኒኮች ሲሰሩት ማየት ደስ ይላል። ውፍረቱ ግን ከድሮው ጋ እኩል ይሁን። የብስኩት ካርቶን ዘይት ይጠጣል፣ አይሆንም።

መዳብ ሮንዴላ፦ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ያለው። ተጨምቆ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ አዲስ ከሌለ እሳት ላይ እስኪቀላ አሙቁትና ውሃ ውስጥ ጣሉት፣ ለስላሳ ሆኖ ይመለሳል። የአልሙኒየሙን ግን እንዲ አታድርጉ፣ ቀይሩት።

4ኛ፣ ስትገዙ

የድሮውን ጋስኬት ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢበጣጠስም። የሞተር ቁጥሩንም ከብሎኩ ላይ ፃፉት፣ ሊብሬው ላይ ያለውን ብቻ አትመኑ ምክንያቱም ከነዚ መኪኖች ስንቱ ሞተሩ ተቀይሯል። ደብረብርሃን ሚገኘው ይገኛል፣ ያልተገኘው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ነው፣ 130 ኪሎሜትር ሄዳችሁ ደሞ ማይገጥም ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

ሱቅ ውስጥ እቃውን ሳትፈትሹ አትክፈሉ። የድሮውን በላዩ አድርጉ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ይግጠም። በተለይ የዘይትና የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳ የጎደለበት የቴስታታ (ከብሎኩ በላይ ሚቀመጠው የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ያጋጥማል። ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱ፣ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ከተለያየ መልሱት። ቡሹን ቀስ ብላችሁ ጠፍ አድርጉት፣ ፍርፋሪ ከወጣው ደርቋል። ኦይል ሲል ከሆነ ከንፈሩ ስለታም እና ምንም ጭረት የሌለው፣ ውስጡ ያለችው ቀጭን ስፕሪንግ በቦታዋ ያለች፣ ጎማው ማይጠነክር መሆን አለበት። ለአውሮፓ መኪና ኤልሪንግ፣ ቪክቶር ራይንዝ፣ ለሲል ኮርቴኮ፣ ለጃፓን ሲል ኤንኦኬ ሚባሉት የታወቁ ናቸው፣ ግን ስማቸው ስለታወቀ ነው አስመስለው ሚሰሩባቸው፣ ካርቶኑ ላይ ፅሁፉ የደበዘዘ፣ ፊደል የተሳሳተ፣ ቁጥሩ እቃው ላይ ካለው ጋ ማይገጥም ከሆነ ተዉት። ጥርጣሬ ካላችሁ ከትርፍ ጠርዙ ትንሽ ቆርጣችሁ ትኩስ ዘይት ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ካበጠ ወይ ከተፈረፈረ መልሱ አገኛችሁ።

ፉል ሴት (የሞተሩን ጋስኬት በሙሉ ባንድ ካርቶን) መግዛት ረከስ ይላል ግን ውስጡ ያለው ሁሉ እኩል ጥራት የለውም፣ ወረቀቶቹን ተጠቅማችሁ ሲሎቹን ለብቻ ደህና ግዙ።

5ኛ፣ ብረቱን ማዘጋጀት

የድሮውን ስታነሱ የሞተሩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ፣ ፍርፋሪው ውስጥ ከገባ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ቴስታታው አልሙኒየም ከሆነ (የዲኤክስ 4ኬ ሞተር ብሎኩ ብረት ነው ቴስታታው ግን አልሙኒየም) በካቻቪቴ ወይ በቢላ አትፋቁት፣ እንጨት ወይ ጠንካራ ፕላስቲክ ተጠቀሙ፣ አንድ ጭረት ለዘይት መንገድ ነው። በጣም የቆዩ ጋስኬቶች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል ደርቆ እያለ በሽቦ ብሩሽ አታቡንኑት፣ አርጥባችሁ ፋቁት፣ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው። መጨረሻ ላይ በቤንዚን ተጠርጎ ጣት ሲነካው ማያንሸራትት መሆን አለበት (ሲጋራ ሚያጨሰውን ጓደኛ አርቁት)።

አሁን ክዳኑን ወይ ኮፓውን መስታወት ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። አሮጌ ኮፓ ሁሉ የቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ላይ ተስቦ ያብጣል፣ ከብዙ አመት ማጥበቅ የመጣ ነው። እሱ እያለ ምንም ጋስኬት አይይዝም ምክንያቱም ቡሎኑ ጋ ይጨመቃል መሃል ላይ ይከፈታል። የተስተካከለ ጠንካራ እንጨት ስሩ አድርጋችሁ እብጠቱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ መልሱት። እውነቴን ነው፣ ይሄ የ20 ደቂቃ ስራ ከማንኛውም ውድ ጋስኬት በላይ ይጠቅማል፣ ጋራዥ ግን ካልጠየቃችሁ አይሰሩላችሁም።

6ኛ፣ መግጠም

ሲሊኮን ሁሉንም ነገር ያድናል ሚባለው ስህተት ነው። ጋስኬት በሌለበት፣ ወይ ሁለት ጋስኬት ጥግ ላይ በሚገናኝበት ቦታ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር መስመር ይበቃል። ቡሽ ላይ በብዛት ከቀባችሁት ሲጠብቅ ያንሸራትተዋል፣ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ደሞ ደርቆ ተቆርጦ ወንፊቱ ላይ ይሄዳል፣ ያኔ ዘይት ማፍሰስ ሳይሆን ሞተር ዘይት አጥቶ መንከስ ነው ሚመጣው። ከቀባችሁ በጣት ብቻ ጠበቅ አድርጉ፣ ገፁ ሲይዝ በቁልፍ ጨርሱ፣ እስከ ነገ አታስነሱት። የደብረብርሃን ብርድ ላይ እንደውም ይዘገያል፣ ህዳርና ታህሳስ ከሆነ ጨመር አድርጋችሁ ጠብቁ።

ቡሽን በአንድ በኩል ብቻ ክዳኑ ላይ ስስ አድርጋችሁ አጣብቁት፣ ሞተሩ በኩል ያለውን ትንሽ ዘይት ወይ ግሪስ ንኩት፣ ሌላ ቀን ስትከፍቱት አይቀደድም።

ማጥበቅ፦ ከመሃል ወደ ውጪ፣ በመስቀል፣ ሁለት ሶስት ዙር። ባለ 10 ቁልፍ ቡሎን ኮፓና ቫልቭ ክዳን ላይ 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው ሚፈልገው፣ ያ ማለት በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ነው። ቡሹ በጎን ተጨምቆ መውጣት ከጀመረ አልፋችሁታል፣ ተሰንጥቋል። የቮልስ የዘይት ወንፊት ክዳን 6 ትንንሽ ዳዶዎች እዚ ላይ ነው ጥርሳቸው ሚበላው፣ ሁለቱንም ወረቀት እና የመዳብ ሮንዴላዎቹን ቀይሩ፣ ከዛ እንደ 7 ኒውተን ሜትር እዛው ተዉት። ቮልስ ሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ማፍሰስም ቶሎ ነው ሚጎዳው። ባይ ዘ ዌይ የቮልስ ፑሊ በኩል ጎማ ሲል ከፋብሪካው የለውም፣ ጥርስ የተቆረጠበት ፑሊ ዘይቱን መልሶ ይጎትታል፣ እዛ ጋ ካፈሰ መጀመሪያ ወደ መተንፈሻው ተመለሱ።

ኦይል ሲል ስታስገቡ ስፕሪንጓ ያለችበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዙር፣ ከንፈሩን ዘይት ቀቡት፣ በሰፊ ቧንቧ ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡ። ሻፍቱ ላይ የድሮው ሲል የቆፈረው መስመር ጥፍር ሚይዝ ከሆነ አዲሱን ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጪ 1 ሚሊሜትር አሸሹት፣ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ ይረፍ።

የቴስታታ ጋስኬት ለብቻው

ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሲሊኮን አይነካውም፣ ቶርክ ቁልፍ (ምታጠብቁበትን ጉልበት ሚለካ ቁልፍ) ግዴታ ነው፣ የማጥበቂያው ቁጥርና ቅደም ተከተል ከመኪናው መፅሐፍ ነው ሚወሰደው። ቴስታታውን ቀጥ ያለ ብረት አስደግፋችሁ በፊለር ጌጅ (ክፍተት ሚለኩበት ስስ ላሜራ) ለኩ፣ 0.10 ሚሊሜትር ከገባበት ሬክቲፋይ ቤት (ገፁን በማሽን ሚያስተካክሉበት) ይሂድ።

እኛ አካባቢ ቴስታታ ሚያጣምመው ነገር ከፍታው ነው። ደብረብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ጣርማበር ላይ ከዛም ያንሳል፣ ስለዚ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ከሸዋሮቢት ተነስቶ ዳገቱን ሙሉ ጭኖ ሚወጣ አሮጌ ሞተር የጣርማበር ዋሻ ጋ ከመድረሱ በፊት ይፈላል። ሞተሩ አንዴ ከፈላ የአልሙኒየም ቴስታታ ሊጣመም ይችላል፣ ከዛ ውሃና ዘይት መቀላቀል ይመጣል። አዲስ የቴስታታ ጋስኬት የገዛ ሰው አዲስ የራዲያተር ክዳን አብሮ ይግዛ፣ ከጋስኬቱ አንፃር ዋጋው ምንም አይደለም። በተቃራኒው ከጣርማበር ወደ ሮቢት በማርሽ ተይዞ ተወርዶ ታች ላይ ቤንዚን ሲሰጠው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ያ ጋስኬት አይደለም፣ የቫልቭ ጋይድና ሲሎቹ ናቸው፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ

ሞተሩ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የቡሽ ክዳኖችን ቡሎን በትንሹ ዳብሱ፣ ቡሽ ስለሚቀመጥ ትንሽ ይላላል። የድሮ አይነት የቴስታታ ጋስኬትም መፅሐፉ ደግመህ አጥብቅ ካለ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎሜትር ባለው ጊዜ በቀዝቃዛው ይጠበቃል፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ፣ በዛው ቅደም ተከተል። ዘይቱን በተመለከተ ለነዚ ሞተሮች 20-50 ወይ 15-40 (የዘይቱ ውፍረት ቁጥር ነው) ይሻላል፣ ነጠላ 40 ሚባለውን ውርጭ ባደረበት ጠዋት ስታስነሱ ዘይቱ ስለሚወፍር ግፊቱ ይሰቀላል፣ የፊልትሮ ጎማና ሴንሰር በኩል ማፍሰስ ሚጀምሩት እንደዚ ነው። አስነስታችሁ ወዲያው ቤንዚን አትርገጡ፣ ትንሽ ይስራ፣ ከዛ ሂዱ።